ዘበኛውን ከመሻር በፊት ትእዛዙን መመርመር

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ በቤታችን ያለው ኢንተርኔት አልሠራ ባለ ጊዜ ምክንያቱን በምን ሥርዓት መመርመር እንደሚገባ ነው። ይህ ነገር ለባለሙያ ብቻ የሚተው የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ የልጆች ትምህርት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በሩቅ አገር ካለ ዘመድ ጋራ የሚደረገው ጭውውት ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ መንገዱ ሲዘጋ የሚጎዳው ቤቱ በሙሉ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ጥፋት የሌለበት ሰው ጥፋተኛ ይባላል፤ ይህም ከመንገዱ መዘጋት የከፋ ጉዳት ነው።

ኢንተርኔት በገባበት ቤት ሁሉ መልእክቱን ከውጭ የሚቀበልና ለስልኩም ለኮምፒዩተሩም የሚያከፋፍል ራውተር የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ። በዚህም ሣጥን ውስጥ ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ ተቀምጦአል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ በግንበኞች ዘንድ አንዱ ቤት ሲቃጠል እሳቱ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር በመካከል የሚቆመውን ግንብ ያመለክታል። በኮምፒዩተር ዓለም ግን የፋየርዎል ሥራ ከግንብ ይልቅ በጥንቱ ቤተ መንግሥት ከነበረው ከእልፍኝ አስከልካይ ሥራ ጋራ ይመሳሰላል። እልፍኝ አስከልካይ ደጁን ጨርሶ የሚዘጋ ሰው አልነበረም፤ ጉዳይ ያለውንና የተጠራውን ያስገባል፣ ያልተጠራውን ይመልሳል።

ፋየርዎልም እንደዚሁ ከቤት ወደ ውጭ የተላከውን ጥያቄ በመዝገቡ ይይዛል፤ መልሱ በመጣ ጊዜ ከውስጥ የተጠራ መሆኑን አይቶ ያሳልፈዋል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ መጥቶ ደጅ የሚመታውን ግን ይመልሰዋል። በሮቹ በቁጥር የተለዩ ናቸው፤ ቁጥራቸውም እስከ 65,535 ይደርሳል። ለምሳሌ የኢንተርኔት ገጾችን ስም ለማወቅ የሚጠየቅበት በር 53 ነው፤ ምስጢራቸው የተጠበቀ ገጾች የሚመላለሱበት በር 443 ነው። ከዚህም ሌላ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለተኛ ዘበኛ አለ። ስለዚህ አንድ መልእክት በውጭው ደጅ አልፎ በእልፍኙ ደጅ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ዘበኛ አንድ ታላቅ ጠባይ አለው። ይኸውም የታዘዘውን ያለ ማወላወል መፈጸሙ ነው። ጌታው በልቡ ምን እንዳሰበ አይጠይቅም፤ ጌታው በጽሑፍ ያዘዘውን ብቻ ያደርጋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በምሳሌ እናስብ። አባት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጁ በስልክ ጨዋታ እያመሸ እንቅልፉን ስላጣ፣ አባትየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኢንተርኔቱ እንዲዘጋ ፈለገና በራውተሩ ላይ «ከ3:00 እስከ 12:00 ይዘጋ» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ የመልካም አባት ሐሳብ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን ልጁ በጠዋት ትምህርቱን ለመከታተል ሲሞክር ገጹ አልከፈት አለው። በዋሽንግተን የምትኖረው የአባትየው እኅት ደግሞ ከሥራዋ ተመልሳ ራቷን ከበላች በኋላ እናቷን በስልክ የማነጋገር ልማድ ነበራት። በዋሽንግተን ማታ ሲሆን በአዲስ አበባ ንጋት ነውና ጥሪዋ መድረሱ ቀረ። አሮጊቷ እናት በስልኩ ላይ የሚወጣውን ያመለጠ ጥሪ ምልክት ማንበብ ስለማይችሉ «ልጄ ረሳችኝ» ብለው አዘኑ፤ ልጂቱም በባዕድ አገር ሆና «እናቴን ምን አገኘብኝ?» ብላ ተጨነቀች።

አባትየው ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ኢንተርኔቱን ደኅና ሲሠራ ያገኘዋል። ስለዚህ ልጁን «ትምህርት ለመሸሽ የፈጠርኸው ምክንያት ነው» ብሎ ተቆጣው፤ የቤት ሠራተኛዪቱንም «ቤት ስትጠርጊ ገመዱን ትነቅያለሽ» ብሎ ወቀሳት። በመጨረሻም የሚያውከን ዘበኛው ነው ብሎ ፋየርዎሉን ከነጭራሹ ሊያጠፋ ተነሣ። እነሆ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ጥፋት ሳይኖርባቸው ልጁ ተቆጡት፣ ሠራተኛዪቱ ተወቀሰች፣ አሮጊቷም አዘኑ፤ ቤቱም ያለ ጠባቂ ሊቀር ሆነ። ጥፋቱ የት እንደ ነበረ ከመናገራችን በፊት ግን የምርመራውን ሥርዓት እናስቀድም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚህ ነገር ሥርዓት ያልያዘ ሰው አንዱን አስተካክላለሁ ሲል ሌላውን ያበላሻል።

የመጀመሪያው ሥራ የችግሩን ስፋት መለየት ነው። የተዘጋው ለአንድ ስልክ ብቻ ነው ወይስ ለቤቱ መሣሪያ ሁሉ? አንድ ገጽ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት? በአንድ መሣሪያ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ በዚያው መሣሪያ ወይም ለእርሱ ብቻ በተሰጠ ትእዛዝ ይገኛል። ሁሉም ከተዘጋባቸው ራውተሩ ወይም የውጭው መስመር ይጠረጠራል። በአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ገጹ ራሱ ታሞ ይሆናልና፣ ስልኩን ከቤቱ ኢንተርኔት አላቅቆ በተንቀሳቃሽ ስልክ መስመር ያንኑ ገጽ መሞከር ይገባል። በዚያ ከተከፈተ፣ ነገሩ በቤታችን ወይም በቤታችን መስመር ላይ ነው። የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ሰዓት ሁለት ሦስት ቀን በወረቀት መጻፍ እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሰው በትዝታ ሲመሰክር የተናደደበትን ሰዓት ብቻ ያስታውሳል።

ሁለተኛው ሥራ የራውተሩን መብራቶች ማየት ነው። በፋይበር መስመር በሚሠራ መሣሪያ ላይ ኤል.ኦ.ኤስ. የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት በቀይ ከበራ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ፋየርዎሉን መንካት ከንቱ ድካም ነውና ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ማመልከት ይገባል። መብራቱ ደኅና ከሆነ ግን መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ አላቅቆ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፎ መልሶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይረዳል። በጀርባው ያለችውን በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ ግን ማንም እንዳይነካት እናሳስባለን። እርስዋን ተጭኖ መያዝ መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያደርገዋል፤ ለዘበኛው የተሰጡትን ትእዛዞች ሁሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ከድርጅቱ የተሰጠውን መግቢያ ስምና የምስጢር ቃል ጭምር ያጠፋል።

ሦስተኛው ሥራ ከቅርብ ወደ ሩቅ መጠየቅ ነው። በቤት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ ከራውተሩ የአድራሻ ቁጥር ይቀበላል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራል፤ ይህ ቁጥር ለቤት ውስጥ አገልግሎት የተለየ ስለ ሆነ በብዙ ሺህ ቤቶች ያው ቁጥር ቢገኝ አያስደንቅም። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ከታየ ግን መሣሪያው ከራውተሩ አድራሻ አልተቀበለም ማለት ነውና ነገሩ በሁለቱ መካከል ነው። አድራሻው ደኅና ከሆነ፣ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ በመጀመሪያ ራውተሩን እንጠይቃለን፤ አድራሻው በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ ከአገር ውጭ ያለ የታወቀ አድራሻ፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8 እንጠይቃለን። በሦስተኛው የአንድ ገጽ ስም እንጠይቃለን። ራውተሩ መልሶ ሩቁ ዝም ካለ፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። በቁጥር የተጠየቀው መልሶ በስም የተጠየቀው ካልተገኘ፣ የተበላሸው የስም መዝገቡ ነው፤ ወይም ዘበኛው በር 53ን ዘግቶታል። ነገር ግን አንዳንድ ዘበኛ ለፒንግ እንዳይመልስ የታዘዘ ስለ ሆነ፣ ዝምታ ብቻውን ሙሉ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አራተኛው ሥራ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ዘበኛ መመርመር ነው። ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዓት አንድ አዲስ ፕሮግራም ከውጭ የሚመጣውን ለመቀበል ሲፈልግ ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ይወጣል። ሰው ቸኩሎ መስኮቱን በእምቢታ ቢዘጋው፣ ያ እምቢታ እንደ ቋሚ ትእዛዝ ተጽፎ ይቀራል፤ ከወራት በኋላም ፕሮግራሙ ለምን እንደማይሠራ ማንም አያስታውስም። እንደዚሁም ለቫይረስ መከላከያ ተብሎ የተገዛ ፕሮግራም የራሱን ፋየርዎል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በአንድ ደጅ ሁለት ዘበኞች የተለያየ ትእዛዝ ይዘው ከቆሙ እንግዳው መጉላላቱ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ጥርጣሬው በዘበኛው ላይ ከጸና፣ የራውተሩ ዘበኛ በቦታው እንዳለ የኮምፒዩተሩን ብቻ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ አቁሞ መሞከርና ወዲያውኑ መመለስ ይቻላል። በዚያች ደቂቃ ሥራው ከተከናወነ ጥፋቱ ያለበት ደጅ ታውቆአል። መድኃኒቱ ግን ዘበኛውን ማባረር ሳይሆን ለዚያ ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ ፈቃድ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው ቤት እንመለስ። አባትየው እንደ ተናገርነው ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ መንገዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተዘግቶ እኩለ ቀን፣ ማለት በ6 ሰዓት ሲከፈት ባየ ነበር። መሣሪያው የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእርሱ ዘንድ 3:00 ማለት የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን 12:00 ማለት ደግሞ ቀትር ነው። እንግዲህ ዘበኛው ልጁ ሲጫወት እንዲያመሽ ደጁን ከፍቶ፣ ሲማር በሚውልበት ጠዋት ዘጋው፤ የአክስቱንም ጥሪ ከደጅ መለሰው። ዘበኛው አላመፀም፤ የታዘዘውን ቃል በቃል ፈጸመ። ልጁም አልዋሸም፤ ሠራተኛዪቱም ገመድ አልነቀለችም።

ስለዚህ የመዝጊያ ሰዓት የሚያዝ ሰው ይህን ሒሳብ ያስብ። በቀን ሰዓት ላይ 6 ይጨመራል። በሌሊት ከ1 እስከ 6 ሰዓት ላለው 18 ይጨመራል፤ ከ7 እስከ 12 ሰዓት ላለው ደግሞ 6 ይቀነሳል። በዚህ መሠረት የምሽቱ 3 ሰዓት 21:00፣ የንጋቱ 12 ሰዓት 6:00 ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ መሣሪያ እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ትእዛዝ ስለማይቀበል፣ በሁለት ከፍሎ መጻፍ ያስፈልጋል። የመሣሪያው የራሱ ሰዓት ትክክል መሆኑም ይታይ። የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል። መሣሪያው በቤይጂንግ ሰዓት እንደ ተስተካከለ ከቀረ ግን፣ ቤይጂንግ ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ስለምትቀድም በ21:00 የታዘዘው መዝጊያ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይፈጸማል።

ከሰዓት ሌላ የቀኑ ስሕተትም ያስቸግራል። የቆየ ኮምፒዩተር በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ፣ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ዓመቱን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት በኮምፒዩተሩ የአውሮፓ መቁጠሪያ ላይ የሚጽፍ ሰውም መሣሪያውን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ምስጢራቸው የተጠበቀ ገጾች ሁሉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት ስላላቸው፣ ኮምፒዩተሩ ወረቀቱን «ቀኑ ገና ያልደረሰ» ብሎ ይንቀዋል፤ ገጹም አደገኛ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፋየርዎሉ የከለከለው ይመስለዋል። መድኃኒቱ ግን ቀኑን ማስተካከል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ይህን ያህል ከምንደክም ዘበኛውን አጥፍተን ለምን አንገላገልም?» የሚል ቢኖር፣ ያለፈውን ጊዜ እናስታውሰው፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በነሐሴ ወር 2003 ብላስተር የተባለ ትል፣ ባለቤቱ አንዳች ነገር ሳይከፍት፣ ከኢንተርኔት ጋራ በመገናኘቱ ብቻ በበር 135 እየገባ እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን አወከ። በጊዜው በዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ ዘበኛ ነበረ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ካላዘዘው በቀር ተኝቶ ይኖር ነበር። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2004 ባወጣው ማሻሻያ ዘበኛው ከመጀመሪያው ነቅቶ እንዲቆም አደረገ። ደግሞ በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በየቤቱ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እያሰሰ፣ ከፋብሪካ በመጡበት የምስጢር ቃል ይገባባቸው ነበር። በጥቅምት 21 ቀን 2016 እነዚህ የተማረኩ የቤት ዕቃዎች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በአንድነት ዘምተው፣ የስም መዝገብ የሚጠብቀውን ዳይን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ስላጨናነቁ፣ ትዊተርን የመሳሰሉ ታላላቅ ገጾች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተዘግተው ነበር። ደጁን ክፍት የሚተው ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ ከውጭ የሚገባ መንገድ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው አንድ በር ብቻ ለሚያስፈልገው አንድ መሣሪያ ብቻ ይከፈት፤ ጉዳዩ ሲያልቅም ይዘጋ። በራውተሩ ላይ ዲ.ኤም.ዜድ የሚባለውን ማዘዣ፣ ከውጭ ያልተጠራውን ሁሉ ወደ አንድ ኮምፒዩተር የሚነዳ ነውና ያለ ባለሙያ ምክር አይንኩት። የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ ደግሞ፣ ድርጅቱ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ ቁጥር አጥር ውስጥ አኑሮአቸዋል ማለት ነውና፣ በቤት በኩል በር ቢከፍቱ ከውጭ የሚመጣው ከሌላው አጥር አያልፍም። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ድርጅቱን መጠየቅ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን የምስጢር ቃል ግን ማናቸውም ቤት ዛሬውኑ ይለውጥ።

በመጨረሻ ለቤት አስተዳዳሪዎች ሁለት ነገር እንመክራለን። አንደኛው፣ ለራውተሩ የተሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ከነቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው ሳይነካ ይፈተን፤ ካልረዳ ወደ ነበረበት ይመለስ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። ሁለተኛው፣ ትእዛዙ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይነገር። የመዝጊያውን ሰዓት የሚያውቅ ልጅ መንገዱ ያለ ሰዓቱ በተዘጋ ጊዜ «አባቴ፣ ትእዛዙ ሌላ ነበር» ብሎ ለመናገር ይችላል፤ በምስጢር የታዘዘ ሕግ ግን ሲሳሳት የሚያርመው ሰው የለም።

በፍርድ አደባባይም ሆነ በቤት ውስጥ፣ አስተዋይ ሰው ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም። በቤት ዘበኛ ነገር ምስክሮቹ የመብራቱ ቀለም፣ የአድራሻው ቁጥርና በወረቀት የተጻፈው ሰዓት ናቸው። እነርሱን ሰምቶ የፈረደ ሰው ደጁንም ይጠብቃል፤ የንጹሕ ሰው ልብም አይሰብርም። ሳይሰማ የተቆጣ ቢኖር ደግሞ ደጁ እንደ ተከፈተ ከሁሉ አስቀድሞ የወቀሳቸውን ሰዎች ይቅርታ ይጠይቅ።